በባሕር ውስጥ የተራበችው የዝሆን ዘመድ
(የዓለም የአካባቢ ቀንን ምክንያት በማድረግ በሐረር ከተማ ለተማሪዎችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ መምህራን ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎቼ፤ እንኳን ለዚህ ቀን አደረሳችሁ።

የተጠየቅሁት ስለ ችግኝ እንድናገር ነበር። ስለ ችግኝ የሚናገር አይጠፋም። እኔ የመጣሁት ስለ ማናቲ ልነግራችሁ ነው፤ የባሕር ላም ስለሚሏት፣ ሣር ከመጋጥ በቀር በማንም ላይ ክፉ ስለማታውቅ የውኃ እንስሳ። «ባሕር የሌለን ሐረሮች ምን አገባን?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ዛሬ በሕይወት ካሉት የየብስ እንስሳት ለማናቲ የቅርብ የሥጋ ዘመዶቿ ዝሆንና ሽኮኮ ናቸው። ዝሆኑ እዚሁ ባቢሌ አለ። ሽኮኮውን በየገደሉ ታዩታላችሁ። የጎረቤት ዘመድ ሲሞት ለቅሶ መድረስ ወግ አይደለም ወይ?

እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ፣ 1,100 ያህል ማናቲዎች ሞቱ። ብዙዎቹን የጨረሳቸው ረሃብ ነው። ድሮ በሰሜን ፓስፊክ ሌላ ትልቅ ዘመድ ነበረቻቸው፤ የስቴለር የባሕር ላም ትባላለች። የሳይንስ ሰዎች በ1741 አዩዋት፣ በ1768 ጠፋች። እርሷን አዳኝ ፈጃት፤ ገዳዩ ይታወቃል። የፍሎሪዳዎቹን ግን ማን ገደላቸው?

መልሱን በክፍላችን መስኮት ላይ አይተነዋል። ታስታውሳላችሁ፤ ከኩሬ የተቀዳ ውኃና የውኃ ሣር ያለባቸው ሁለት ጠርሙሶች ፀሐይ ላይ አስቀመጥን። በአንደኛው አንዲት ተማሪ ከአባቷ ማሳ ካመጣችው ማዳበሪያ በሁለት ጣቷ ቆንጥራ ጨመረችበት። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አልነበረም። በሁለተኛው ውኃው አረንጓዴ እየሆነ መጣ። በሦስተኛው ከጠርሙሱ ጀርባ የያዝነው እርሳስ አልታይ አለ። ክዳኑን ስንከፍት ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ ሣሩ እንደተቀቀለ ጎመን ልሞ ተበጣጠሰ። ንጹሑ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ሣር ግን ቆሞ ነበር። ያቺ ልጅ ጠርሙሱን አቅፋ «መምህር፣ እኔ እኮ ቁንጥር ብቻ ነው የጨመርኩት» አለችኝ። ይህን ቃሏን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ኢንዲያን ሪቨር በሚባለው የፍሎሪዳ የባሕር ዳር ውኃ የሆነው ይኸው ነው። ከየቤቱ የመጸዳጃ ጉድጓድ፣ ከየግቢው ማዳበሪያ ተክል የሚያፋፉት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ወደ ውኃው ገቡ። አልጌው፣ ያ የጠርሙሳችንን ውኃ አረንጓዴ ያደረገው ደቃቅ ነገር፣ ተባዝቶ ብርሃኑን ጋረደ። የባሕር ሣር ደግሞ አበባ የሚያወጣ ተክል ነው፤ ያለ ፀሐይ አይኖርም። ሣሩ አለቀ፤ ግማሽ ቶን የምትመዝን፣ በቀን እስከ 50 ኪሎ የምትግጥ እንስሳ አፏን ይዛ ቀረች። በኋላ በአንድ የብርድ ወቅት ብቻ፣ በአብዛኛው ሰው ባዋጣው ገንዘብ የተገዛ ከ90 ቶን በላይ ሰላጣ መንግሥት አስወረወረላቸው። ሜዳውን አጥፍቶ ድርቆሽ መለመን!

ከእነዚያ ሁሉ ሰዎች ገዳይ ነኝ የሚል አንድም የለም። ሁሉም ቁንጥር ብቻ ነው የጨመረው። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው! እኔም በትምህርት ቤታችን አጠገብ ባለው ቦይ ፍሳሽ የሚለቅ ቱቦ አይቼ አቤት ብል፣ «መምህር፣ ትንሽ ናት፤ ዝናብ ይወስዳታል» ተባልሁ። ወዴት ነው የሚወስዳት? ቁልቁል ወደ ኤረር ነዋ! ኤረር ደግሞ የባቢሌ ዝሆኖች የሚጠጡት ውኃ ነው። ሐረማያንስ ያየን ሰዎች አይደለንም? ይህችን ከተማ ያጠጣ ሐይቅ በዓይናችን ፊት ደርቆ ከብት ተሰማራበት። ያኔም ሁሉም «የእኔ አንዲት ፓምፕ ናት» ይል ነበር። አሁን ውኃው ተመልሷል፤ ፓምፑም አብሮ እንዳይመለስ እፈራለሁ።

ገበሬ ወላጆች ሆይ፣ ማዳበሪያውን ዝናብ ሊጥል ሲል አትበትኑ። የመጸዳጃ ጉድጓድ ሲሞላ በሌሊት ወደ ቦይ የሚለቅ ጎረቤት ካለ ንገሩት።

ተማሪዎቼ፣ ቅዳሜ ጠዋት በ2 ሰዓት ኤረር በር እንገናኝ። ከቱቦው በላይና ከቱቦው በታች እንቀዳለን። እያንዳንዳችሁ ሁለት ጠርሙስ ይዛችሁ ኑ።