ሄልሜት ራስን መጠበቂያ ወይስ መምቻ? ኤንኤፍኤል በጭንቅላት የሚገጩ ተጫዋቾችን የሚቀጣው እንዴት ነው?

[ምስል፦ ፒትስበርግ፤ ኳስ ለመያዝ የተዘረጋ ተጫዋች፣ ከጎኑ እየሮጠ የሚመጣ ተከላካይ]

በፈረንጆቹ ኦክቶበር 17 ቀን 2010፣ እሑድ። በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ በኤንኤፍኤል፣ ፒትስበርግ ስቲለርስ ከክሊቭላንድ ብራውንስ እየተጫወቱ ነው። የስቲለርሱ ተከላካይ ጄምስ ሃሪሰን በአንድ ጨዋታ ሁለት ሰው በሄልሜቱ ገጭቶ ጣለ፤ መጀመሪያ ጆሽ ክሪብስን፣ ቀጥሎ መሐመድ ማሳኳይን። በዚያው ቀን ፊላዴልፊያ ላይ የአትላንታው ዳንታ ሮቢንሰን ዴሾን ጃክሰንን በሙሉ ፍጥነት ገጨውና ገጪውም ተገጪውም ሜዳው ላይ ተዘረሩ። የኒው ኢንግላንዱ ብራንደን ሜሪዌዘርም ቶድ ሂፕን በሄልሜቱ መታው።

ማክሰኞ የቅጣቱ ዜና ወጣ። ሃሪሰን 75 ሺህ ዶላር፣ ሌሎቹ ሁለቱ እያንዳንዳቸው 50 ሺህ ዶላር። በኋላ ይግባኝ ብለው ሁሉም ተቀንሶላቸዋል። ሃሪሰን በንዴት “ጫማዬን እሰቅላለሁ” እስከማለት ደርሶ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ወደ ልምምድ ተመለሰ። አስቂኙ ነገር፣ ሊጉ ሃሪሰንን በቀጣበት ሳምንት የዚያኑ ግጭት ፎቶ በድረ ገጹ እየሸጠ ተገኘ። ወሬው ሲወጣ ፎቶውን አነሳው።

75 ሺህ ዶላር ለእኔና ለእናንተ ትልቅ ገንዘብ ነው። ሃሪሰን ግን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከ51 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ የስድስት ዓመት ውል ፈርሟል።

[ምስል፦ የራስ ቅልና የአንገት አጥንት ሥዕል]

ሄልሜት የተሠራው የራስ ቅል እንዳይሰነጠቅ ነው፤ ያንን ሥራውን በደንብ ይሠራል። አንጎል ግን ቅሉ ውስጥ በፈሳሽ ተከብቦ ነው የሚኖረው። ራስ ድንገት ሲቆም አንጎሉ አብሮ አይቆምም። ይህን የትኛውም ፕላስቲክ ሊከለክለው አይችልም። እንዲያውም ጠንካራው ቅርፊት ተጫዋቹን ያደፋፍረዋል፤ ራሱን ለመጠበቅ ያጠለቀውን ነገር መምቻ ያደርገዋል።

አደጋው ደግሞ ለተመቺው ብቻ አይደለም። ተጫዋች አንገቱን ደፍቶ ሲገባ የአንገቱ የተፈጥሮ ጉብጠት ቀጥ ይላል፤ ያን ጊዜ የግጭቱ ኃይል በቀጥታ ወደ አከርካሪው ይወርዳል። በዲሴምበር 2017 የስቲለርሱ ራያን ሼዚየር ሲንሲናቲ ላይ ተጋጣሚውን ሊጥል ራሱን ዝቅ አድርጎ ገባ፤ ከዚያ በኋላ እግሮቹን ማንቀሳቀስ አልቻለም። ከረጅም ሕክምና በኋላ መራመድ ችሏል፤ ሜዳ ግን አልተመለሰም።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ2018፣ ሊጉ ደንቡን አጠበቀ። ማንኛውም ተጫዋች፣ ኳስ የያዘውም ቢሆን፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ በሄልሜቱ ሌላውን ከመታ ጥፋት ነው። ገና የወዳጅነት ጨዋታዎቹ ሲጀመሩ ዳኞች ጥፋት ሲያዩ የሚወረውሩትን ቢጫ ጨርቅ አሥሬ መወርወር ጀመሩ፤ ተጫዋቹም አሠልጣኙም ጮኸ። ሊጉ “ሳይታሰብ የተፈጠረ ንክኪ ጥፋት አይደለም” ብሎ አብራራና ነገሩ ረገብ አለ።

የተከላካዮቹ ቅሬታ ሙሉ በሙሉ ከንቱ ነው አልልም። ተከላካዩ ደረት ላይ አነጣጥሮ ሲመጣ ተቀባዩ በመጨረሻዋ ቅጽበት ጎንበስ ይላል፤ ደረት የነበረበት ቦታ ላይ ራስ ይገኛል። ዝግ ባለ ቪዲዮ ስናየው ሁላችንም ዳኛ ነን፤ በእውነተኛው ፍጥነት ግን ከዓይን ጥቅሻ ያጠረ ጊዜ ነው።

[ምስል፦ ቢጫ ጨርቅ ሣር ላይ ሲወድቅ]

አሁን ወደ ቅጣቱ እንግባ። እዚያው ሜዳ ላይ ዳኛው ጨርቁን ከወረወረ የአጥፊው ቡድን 15 ያርድ ያጣል። ከባድ ከሆነ ዳኞቹ ተጫዋቹን ሊያስወጡት ይችላሉ። የገንዘብ ቅጣቱ ከቀናት በኋላ ይመጣል፤ ገንዘቡም የሚሄደው ለበጎ አድራጎት ነው። ከሁሉም በላይ ያለው እገዳ ነው፤ የታገደ ተጫዋች አይጫወትም፣ የዚያ ሳምንት ደመወዙም ይቀራል።

የገንዘብ ቅጣት ብቻውን ምን ያህል እንደሚሠራ የ2018ቱን የውድድር ዘመን ግማሽ ፍጻሜ ተመልከቱ። ኒው ኦርሊንስ ሴንትስ ከሎስ አንጀለስ ራምስ፤ ያሸነፈው ወደ ሱፐር ቦውል፣ ማለትም ወደ ሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ፣ ያልፋል። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የራምሱ ኒኬል ሮቢ ኮልማን ኳሱ ሳይደርስ ቶሚሊ ሉዊስን በሄልሜቱ ገጭቶ ጣለው። ስታዲየሙ በሙሉ አየ፤ ዳኞቹ ጨርቁን አልወረወሩም። ራምስ በተጨማሪ ሰዓት 26 ለ 23 አሸንፎ አለፈ። ተጫዋቹ በኋላ በሄልሜት ግጭት 26,739 ዶላር ተቀጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ለሱፐር ቦውል ያንን የማይከፍል ማን አለ?

እገዳ ግን ሌላ ነገር ነው። ሃሪሰን በዲሴምበር 2011 የክሊቭላንዱን ኳርተርባክ (ኳስ እየወረወረ የቡድኑን ማጥቃት የሚመራ ተጫዋች) ኮልት ማኮይን አገጭ ሥር በሄልሜቱ መታው። ማኮይ አንጎሉ ተናውጦ እያለ ከጥቂት ቅጽበት በኋላ ተመልሶ እንዲጫወት ተደረገ፤ ይህ ቅሌት ነበር፤ ሊጉ ከስታዲየሙ ላይኛው ክፍል ሆነው ጉዳት የሚከታተሉ ባለሙያዎችን ያስቀመጠው ከዚያ በኋላ ነው። ሃሪሰን አንድ ጨዋታ ታገደ። በደመወዝ ያጣው 73 ሺህ ዶላር ገደማ ነው፤ ከመጀመሪያው የ2010 ቅጣት ጋር ተቀራራቢ። ልዩነቱ፣ ቡድኑ ያለ እሱ ሳን ፍራንሲስኮ ሄዶ 20 ለ 3 ተሸነፈ። የዚህ ዓይነቱን ዋጋ አሠልጣኙም፣ የቡድን ጓደኞቹም፣ ደጋፊውም አብረው ይከፍላሉ። ለእኔ ቅጣት የሚባለው ይህ ነው።

የአሜሪካ ኮሌጆች የፉትቦል ውድድር ከ2013 ጀምሮ ቆራጥ መንገድ ይከተላል። በራስ ላይ ያነጣጠረ ምት በቪዲዮ ከተረጋገጠ ተጫዋቹ ወዲያው ይባረራል፤ ደንቡ ሲወጣ፣ ጥፋቱ ከዕረፍት በኋላ ከሆነ የሚቀጥለው ጨዋታ የመጀመሪያ አጋማሽም እንዲያልፈው ተደርጎ ነበር። ኤንኤፍኤል ውስጥ ግን መባረር ብርቅ ነው፤ እገዳም ቢሆን በይግባኝ ይሸረፋል። ይግባኙን የሚሰሙት ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበሩ በጋራ የሚሾሟቸው የቀድሞ ተጫዋቾች ናቸው፤ ደሪክ ብሩክስና ጄምስ ትራሽ ለዓመታት ሠርተውበታል።

ሁልጊዜ ይቀንሳሉ ማለት አይደለም። በ2019 የሬይደርሱ ቮንቴዝ በርፊክት የኢንዲያናፖሊሱን ጃክ ዶይልን በሄልሜቱ ሲመታ፣ ከዚያ በፊት ተደጋጋሚ ጥፋት ስለነበረበት ለቀሪው የውድድር ዘመን፣ 12 ጨዋታ ታገደ። ብሩክስ ይግባኙን ሰምቶ ቅጣቱን አጸናው። በርፊክት ከዚያ ወዲህ በኤንኤፍኤል አልተጫወተም።

[ምስል፦ ዴንቨር፣ 2023]

የዴንቨሩ ካሪም ጃክሰን ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። በ2023 የውድድር ዘመን ሁለተኛ ሳምንት ላይ የዋሽንግተኑን ሎጋን ቶማስን መትቶ ተባረረ። ኦክቶበር ላይ የግሪን ቤዩን ሉክ ማስግሬቭን መትቶ እንደገና ተባረረ፤ አራት ጨዋታ ታገደ። ይግባኝ አለ፤ ወደ ሁለት ወረደለት። ከእገዳው በተመለሰበት በመጀመሪያው ጨዋታ፣ በመጀመሪያው! የሚኒሶታውን ኳርተርባክ ጆሽ ዶብስን በሄልሜቱ መታ። እንደገና አራት ጨዋታ። ይህኛው አልተቀነሰለትም፤ እገዳውን ሲጨርስም ዴንቨር አሰናበተው።