ሳሩን አትቁረጡብን

የተከበራችሁ የፊልም ክበባችን አባላትና እንግዶቻችን፣ እንደምን አመሻችሁ?

ከ«ኦኒባባ» በፊት አጭር መግቢያ እንዳደርግ ተጠይቄያለሁ። ለማሳጠር እሞክራለሁ። ስለ ሳሩ ሳልናገር ግን ከዚህ አልወርድም።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣ የጃፓን ሥራ ነው። ዳይሬክተሩ ካኔቶ ሺንዶ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በ14ኛው ክፍለ ዘመን፣ ጦርነት አገሩን ሲያምስ ነው። ልጇ ዘምቶ ያልተመለሰላት አማት ከምራቷ ጋር ከሰው ቁመት በሚበልጥ ሳር መሃል ትኖራለች። ከውጊያ ሸሽቶ ወደ ሳሩ የገባ ወታደር በሕይወት አይወጣም። ሴቶቹ ይገድሉታል። ጥሩሩንና ሰይፉን ገፈው ሬሳውን ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይጥሉታል። የገፈፉትን በእህል ይለውጣሉ።

ብዙ ሰው ይህን ፊልም የሚያውቀው ቀንድ ባለው ጭንብል ነው። ጭንብሉ ግን የሚመጣው ታሪኩ ከተጋመሰ በኋላ ነው። እስከዚያ የሚያስፈራን ምንድን ነው? ሳሩ ነው! የካሜራ ባለሙያው ኪዮሚ ኩሮዳ ምስሉን ከዳር እስከ ዳር በሳር ይሞላዋል። ነፋስ ሲመታው ይተኛል፣ ይነሳል፣ ይተራመሳል። ሰው ይምጣ ነፋስ ይሁን አታውቁም። ምራቲቱ በሌሊት ከጦርነቱ ወደተመለሰው ጎረቤታቸው ስትሮጥ የሚሸፍናትም ያው ሳር ነው። ግድያውም ፍትወቱም አንድ ቦታ ተደብቀዋል። ጥቁርና ነጭ መሆኑም ጠቅሞታል። ቀለም ቢኖረው አረንጓዴው ዓይናችንን ያሳርፈው ነበር።

አምና የሆነውን አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ። አዳራሽ ተከራየን፤ ወንበሩን ራሳችን ተሸክመን ደረደርን። ፊልሙ ሲጀምር ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ታየ። መታየትም አለበት! ሺንዶ የቀረጸው ስፋቱ ከቁመቱ ሁለት እጥፍ በሚበልጥ ምስል ነው። የአዳራሹ ኃላፊ ግን «ስክሪኑ አልሞላም» ብሎ አስጎተተው። ግራና ቀኙ ተቆረጠ። ተነስቼ ብለምነው «ዋናዎቹ ተዋንያን ይታያሉ አይደል?» አለኝ። አንድ ወዳጃችን ኬብሉን ሊነቅል ተነሳ፤ እጁን ይዘን መለስነው። እስከ መጨረሻው እንደተቆረጠ አየነው። ስንወጣ አንዲት ወጣት «ጥሩ ነው፣ ግን ምኑ ነው የሚያስፈራው?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? የሚያስፈራውን ቆርጠው አስቀርተውባታል!

ዋናዎቹ ተዋንያን ይታያሉ! ይህን ከፊልም ሠሪዎቻችንም ሰምቼዋለሁ። ፊት ከታየ በቂ ነው ይሉናል። ቦታው ለእነሱ ፎቶ ቤት ውስጥ እንደሚሰቀል መጋረጃ ነው። በገጠርና በሕዝብ እምነት ላይ የቆመ አስፈሪ ፊልም ቦታውን ካጣ ምን ይቀረዋል? ጩኸትና ቀይ ቀለም! እኛ ለዚህ አልተሰባሰብንም!

ስለ ጭንብሉም ትንሽ ልበል። አማቲቱ ከአንድ ሳሙራይ ሬሳ ላይ ወስዳ ምራቷን ልታስፈራራበት ታጠልቀዋለች። ዝናብ ሲመታው ከፊቷ አልላቀቅ ይላል። ከሥሩ የሚወጣውን ፊት ስታዩ ሺንዶ የሂሮሺማ ተወላጅ መሆኑን አስቡ። ያ የተበላሸ ፊት የአቶሚክ ቦምብ ሰለባዎችን እንደሚወክል ራሱ ተናግሯል። በዚህ ፊልም ውስጥ ጋኔን ፍለጋ አትድከሙ። ሰውን እንዲህ ያደረገው ጦርነቱና ረሃቡ ነው።

ጉድጓዱን ለውይይታችን እተወዋለሁ። የሙዚቃ ደራሲውን የሂካሩ ሃያሺን ከበሮም ራሳችሁ ስሙት።

ዛሬ ፕሮጀክተሩን የያዘው ከአባሎቻችን አንዱ ነው። ጥቁሩ መስመር ከላይም ከታችም ይኖራል፤ ማንም እንዳይነካው። ከእንግዲህ ምስል ቆርጦ ለሚያሳይ አዳራሽ ከመዋጯችን አንዲት ሳንቲም አንከፍልም! ይህ በዛሬው ቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።