ከችግኙ በፊት ካቡ

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ የሰበካ ጉባኤ አባላትና ወጣቶች፤

በደቡብ ጎንደር ከኮረብታ ላይ ሆኖ አገሩን የቃኘ ሰው፣ በታረሰው ማሳ መካከል ክብ ክብ ሆኖ የቀረው ደን የቤተ ክርስቲያን አጸድ መሆኑን ሳይጠይቅ ያውቃል። ግን ሽማግሌ ዛፍ እንጂ ልጅ ዛፍ የሌለበት አጸድ ብዙ ነው። ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ መሬቱ በከብት ኮቴ ጠንክሮ፣ የበቀለው ችግኝ ጫፉ ተግጦ ታገኙታላችሁ።

ስለዚህ ቀዳሚው ሥራ ካብ ነው። ድንጋዩ ከአጎራባች ማሳ ይለቀም፤ ገበሬውም እርሻው ይጸዳለታል። መሠረቱ ሰፋ፣ አናቱ ጠበብ ይበል፤ በሩም የሚዘጋ ይሁን። ደኑ ወደ ውጭ እንዲሰፋ ካቡን ከዳር ዛፎች ጥቂት ሜትር አርቁት።

ካብ ብቻውን ግን አይበቃም። የብዙዎቹ የአገር ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ አይቆይም፤ እናት ዛፉ ከጠፋ ዘሩም አብሮ ጠፋ። ዘር ከአንድ ዛፍ አትልቀሙ፤ ተራርቀው ከቆሙ ቢያንስ 10 ዛፎች ሰብስቡ፤ ካልሞላ ከጎረቤት ደብር ለምኑ። የጥቁር እንጨት ዘር ከደረቀ ይሞታል፤ ሥጋውን አጥባችሁ በቀናት ውስጥ ዝሩት። የወይራው ደግሞ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ቅርፊት አለው። ፍሬው ሲጠቁር ልቀሙ፣ ሥጋውን አሽታችሁ አንሱ፣ ቅርፊቱን የውስጡን ሳትጎዱ ስበሩ። እንዳለ ከተዘራ ይዘገያል፤ የሚበቅለውም ጥቂት ነው።

ጉድጓዱ በጥልቀትም በስፋትም 40 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ክረምት ሳይገባ ይቆፈር። ተከላው መሬቱ በደንብ ከራሰ በኋላ፣ በሐምሌ ነው። ችግኙ ያደገበት ፕላስቲክ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፤ ከታች የተጠማዘዘ ሥር ካለ በስለት ቁረጡት፤ አለዚያ ሥሩ በራሱ ላይ እየተጠመጠመ ችግኙን ያቀጭጨዋል።

አደራ የምንላችሁ፣ አጋሙንና ክትክታውን ለጽዳት ብላችሁ አትመንጥሩ። ቁጥቋጦው ለወይራ ችግኝ ሞግዚት ነው፤ ጥላ ይሆነዋል፣ እርጥበት ይይዝለታል፣ የአጋም እሾህ ደግሞ ከፍየል አፍ ያድነዋል። ችግኙን ከቁጥቋጦው ሥር አስጠግታችሁ ትከሉ። ዋንዛና ብሳና ግን ብርሃን ስለሚወዱ ገላጣው ላይ ይሁኑ። ዳር ላይ ባህር ዛፍ ካለ፣ ቆርጦ መሄድ ከንቱ ድካም ነው፤ ከጉቶው ያቆጠቁጣልና ቀንበጡን በየጊዜው ስበሩ።

መስከረም ሲያልቅ ዙሪያውን ኮትኩቱ፣ በደረቅ ሣር ሸፍኑ፤ ምስጥ እንዳይወጣበት ሣሩ ግንዱን አይንካ። በግንቦት የደረቀውን ቆጥራችሁ፣ ለሐምሌ የሚተካውን ከወዲሁ ከችግኝ ጣቢያው አስመዝግቡ።