እስክስታ በ33 ነጥብ

እንዴት ናችሁ? ዛሬ የማወራው ስለ ትከሻ ነው። ጎጃም ውስጥ ትከሻ ቀልድ አይደለም።

ቪዲዮ አይቶ የሰውን እንቅስቃሴ በነጥብና በመስመር የሚያወጣ ቴክኖሎጂ አለ። አንዱ የጎግሉ ሚዲያፓይፕ ነው፤ በነጻ ይገኛል። ጭፈራችንን ለልጅ ልጅ እናስቀምጥ ሲባል ብዙ ሰው ተስፋ የሚጥለው እንዲህ ባለው ነገር ላይ ነው። እኔም ደብረ ማርቆስ ሰርግ ላይ የቀረጽኩትን እስክስታ ሰጠሁት። ልጁ ሰርገኛውን ቁጭ ብድግ ያሰኘ ጨፋሪ ነበር። የወጣውን ምስል እማዬ አየችና፣ «ምነው፣ ብርድ ይዞታል እንዴ?» አለች።

እውነቷን ነው። ሰውነቱ የሚወከለው በ33 ነጥብ ነው። ከነዚህ 11ዱ ፊት ላይ ናቸው። ተረከዝ እንኳ የራሱ ነጥብ አለው። ትከሻ ላይ ግን ግራና ቀኝ አንድ አንድ፣ በቃ። ደረት ላይ የለም፣ አንገት ላይም የለም። ታዲያ እስክስታ በምን ሊወርድ ነው?

ትልልቅ ስቱዲዮዎች ገላ ላይ አንጸባራቂ ኳስ እየለጠፉ በብዙ ካሜራ ይቀርጻሉ። ይሻላል። ግን ከጀርባ ያለው ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት ከቆዳ ስር ይንሸራተታል። ኳሷ ደግሞ የምትከተለው ቆዳውን ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ፈረንሳዊው ኤቲየን ዡል ማሬ በአውሮፓውያን 1880ዎቹ ሰው ጥቁር ልብስ አልብሶ፣ እጅና እግሩ ላይ ነጭ መስመር አስምሮ፣ ሲራመድ በተከታታይ ፎቶ ያነሳ ነበር። ማየት የፈለገው እርምጃ ነው፤ መስመሩም እዚያው አረፈ። የኛን መስመር ግን ማን ያስምርልን?

ሠዓሊዎቻችን እዚህ ላይ ጎበዞች ናቸው። የቅዱስ ያሬድን ሥዕል አስቡት። መቋሚያው አለ፣ ጽናጽሉ አለ። የአፄ ገብረ መስቀል ጦር እግሩን ወግቶት ደሙ ይፈሳል፤ እሱ ግን አያውቅም፣ ዜማው ላይ ነው። ሥዕሉ የዝማሜውን ተራ አያስተምርም። ተመስጦውን ግን አንድም አላስመለጠም። ሠዓሊው ምን እንደሚይዝና ምን እንደሚተው ቀድሞ ያውቃል።

ደግሞ እስክስታ ለብቻ አይሆንም። ፊት ለፊት ያለው ሰው ይተነኩስሃል፣ አንተም ትመልሳለህ። ባዶ ክፍል ውስጥ ያለ ማሲንቆ፣ ያለ ጭብጨባ አንድ ሰው አቁሞ መቅረጽ የስልክ ንግግርን በአንድ ወገን መስማት ነው። ስለዚህ ሁለት ሆነው ይቀረጹ። ማሲንቆው አጠገባቸው ይሁን። መስመሩ የት የት እንደሚሰመር የሚነግሩን ደግሞ ሲጨፍሩ ያረጁት ይሁኑ፣ ሶፍትዌር ሠሪው አይደለም።

አሁን የቸገረኝ ልብሱ ነው። የኛ ቀሚስ ነጭ ስለሆነ ነጭ መስመር አይታይበትም፤ የማሬን ገልብጬ በጥቁር ፕላስተር ላደርገው ነው። እማዬ ቀሚሷን አላስነካም ብላለች። ፈቃደኛ ጨፋሪ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ጥንድ ቢሆኑ ይመረጣል።