ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጋደም ብሎ የሚሰማ የማሊ ሙዚቃ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! ቅዳሜ ከሰዓት ነው እንበል። ምሳ ተበልቷል፣ ቡና ተጠጥቷል፣ ማንም የትም አይሄድም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰዓት የሚሆን ሙዚቃ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ከምዕራብ አፍሪካ ነው።

ምዕራብ አፍሪካ ስል ግማሻችሁ ሌጎስ እንደገባችሁ አውቃለሁ። አፍሮቢትስ እኔም እወዳለሁ፣ ሰርግ ላይ ሲከፈት ቁጭ ብዬ አላውቅም። ግን እሱ ከመቀመጫ የሚያስነሳ ነው። ዛሬ የምንፈልገው የሚያጋድመውን ነው። ስለዚህ ወደ ማሊ፣ ወደ ባማኮ እንሂድ።

መሣሪያው ኮራ ይባላል። ትልቅ ቅል ለሁለት ይገመስና ግማሹ በላም ቆዳ ይለበጣል። ረጅም የእንጨት አንገት ይሰካበታል። ክሮቹ 21 ናቸው። ዛሬ ዛሬ ከናይለን የዓሣ ማጥመጃ ክር ይሠራሉ። 11ዱ በግራ፣ 10ሩ በቀኝ። ተጫዋቹ ክሮቹን ወደ ራሱ አዙሮ ይቀመጣል። ከየእጁ ሦስት ሦስት ጣቱ እጀታዎቹን ጨብጦ ይይዛል። ታዲያ ለመጫወት ስንት ጣት ቀረው? ሁለት አውራ ጣት፣ ሁለት ሌባ ጣት። አራት! 21 ክር በአራት ጣት።

እዚህ ጋ የምወዳትን ምሳሌ ላምጣት። የቆያችሁ ተመልካቾቼ ታውቋታላችሁ። ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ሲሠራ አይታችኋል? እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ይረግጣል። እጁ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይልካል። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ነጩ ይረዝማል። አሁንም ነጭ፣ አሁንም ነጭ። ጫፉ ጋ ሲደርስ ባለቀለሙን ክር ያነሳና ጥለቱን ይጀምራል። ከዚያ በዓል ይመጣል፣ ቀሚሱ ይለበሳል። ሰው ሁሉ ምን ይላል? «ጥለቱ እንዴት ያምራል!» ነጩን ማንም አያነሳውም። ግን ነጩ ባይኖር ጥለቱ ምን ላይ ያርፍ ነበር?

የኮራ አውራ ጣቶች ነጩን ነው የሚሸምኑት። አንዲት አጭር የባስ ዜማ ይይዛሉ፣ ያችኑ ይደግማሉ፣ ይደግማሉ፣ ይደግማሉ። ይህ ኩምቤንጎ ይባላል። ሌባ ጣቶቹ ደግሞ ጥለቱን ይጥላሉ። ከላይ ወደ ታች የሚንቆረቆረው ፈጣኑ ዜማ የእነሱ ነው፣ ቢሪሚንቲንጎ ይሉታል። ሸማኔው አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ይሄዳል። የኮራው ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ፣ ብቻውን! መጀመሪያ ስትሰሙ ሦስት ሰው የሚጫወት ይመስላችኋል። ሌባ ጣቶቹ ምንም ያህል ቢሯሯጡ እናንተ ግን አትረበሹም፣ ከስር ነጩ ሳይቋረጥ ይሄዳላ። የማጋደሙ ምስጢር እሱ ነው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ በስልክ ስፒከር አትስሙት። ስፒከሩ ባሱን ይበላዋል። አውራ ጣቶቹ ይጠፉና ጥለት ብቻ ይደርሳችኋል። ከዚያ «ያሰለቻል» ብላችሁ ትጽፉልኛላችሁ። ኢርፎን፣ ኢርፎን፣ ኢርፎን።

ቅኝቱን ቶሎ ልለፈው፣ ኦክታቭ ማለት ከአንድ ድምፅ ተነስቶ ያው ድምፅ ቀጥኖ እስኪደገም ያለው ርቀት ነው። አራት ዋና ቅኝቶች አሉ፦ ሃርዲኖ፣ ሳውታ፣ ቶሞራ ባ፣ ቶሞራ መሰንጎ። ሁሉም በአንድ ኦክታቭ ውስጥ ሰባት ድምፅ አላቸው። በባህላዊው ኮራ ቅኝት ለመቀየር አንገቱ ላይ የተጠመጠሙትን የቆዳ ቀለበቶች አንድ በአንድ መግፋት ነው። ይኸው ነው።

ሰባት ድምፅ ያልኩትን ግን ያዙልኝ፣ ምክንያቱም አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የማሊ ሙዚቃ ባነሳሁ ቁጥር «ይሄ እኮ ትዝታ ነው፣ ከእኛ ወስደውት ነው» የሚል መልእክት ይጎርፍልኛል። ስሜቱ ይገባኛል። የማሊው ጊታሪስት አሊ ፋርካ ቱሬ ጊታሩን ሲነካ ሐበሻ ሁሉ ቀና ይላል። ግን አልወሰዱም! አሊ ፋርካ በብዛት የሚጫወተው በአምስት ድምፅ ነው፣ ትዝታም አምስት ድምፅ ነው። ከቻይና እስከ ስኮትላንድ በአምስት ድምፅ የሚዘፍን ሕዝብ ሞልቷል። አምስቱ ድምፆች ራሱ ቁርጥ ያው ሊሆኑ ይችላሉ። የሚለየው ዜማው የሚያርፍበት ነው። እኛ ትዝታ ሙሉን አንዱ ድምፅ ላይ እናሳርፋለን፣ አሊ ፋርካ ደግሞ ሌላው ላይ፣ ብሉዝ የሚያርፍበት ጋ ያሳርፈዋል። ጆሯችን ድምፆቹን ያውቃቸዋል፣ ቤታቸው ግን ሌላ ነው። አሊ ፋርካ ሙዚቃን የጀመረው በጣት በሚመታ ባለ አንድ ክር የአገሩ መሣሪያ ነው። ኒያፉንኬ ነው ያደገው፣ ኒጀር ወንዝ ዳር። ትዝታን ፍለጋ የትም መሄድ አላስፈለገውም። ኮራውማ ጭራሽ ሰባት ድምፅ ነው። ከኮራ ጋር ትዝታ እያንጎራጎራችሁ ሞክሩት፣ ትዝታ የማይረግጠው ድምፅ ላይ ሄዶ ቁጭ ይላል። መመሳሰሉ ደስ ይበለን፣ ባለቤትነቱን ግን እንተወው።

እሺ፣ አሁን ምን ልስማ? ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። መጀመሪያ ቱማኒ ዲያባቴ፣ «ካይራ»፣ 1988። ኮራ ብቻ፣ አንድ ሰው ብቻ፣ ምንም የተደረበ ነገር የለም። አውራ ጣቶቹን ለመለየት ከዚህ የተሻለ የለም። ቱማኒ በ2024 አረፈ፣ እኔ ግን አሁንም ስለ እሱ በኃላፊ ጊዜ ማውራት ይከብደኛል።

ቀጥሎ ሁለት ኮራ። በ1970 የቱማኒ አባት ሲዲኪ ዲያባቴና ጄሊማዲ ሲሶኮ አብረው አልበም ተቀርጸው ነበር። ሙያው በዘር የሚወረስ ስለሆነ ልጆቻቸው ቱማኒና ባላኬም ኮራ ያዙ። ጎረቤታሞች ሆነው ነው ያደጉት። በ1997 ባማኮ ውስጥ በአንድ ሌሊት ተቀምጠው የአባቶቻቸውን መንገድ ተከተሉ። አልበሙ «ኒው ኤንሸንት ስትሪንግስ» ነው፣ በ1999 ወጣ። አንዱ ነጩን ሲይዝ ሌላው ጥለቱን ይጥላል፣ ከዚያ ሳታውቁት ይቀያየራሉ።

የእኔ ምርጫ ግን አሊ ፋርካና ቱማኒ በጋራ የሠሩት ነው፣ «ኢን ዘ ሃርት ኦፍ ዘ ሙን»፣ 2005። የተቀረጸው ባማኮ፣ ኒጀር ወንዝ ዳር ሆቴል ማንዴ ውስጥ ነው። ልምምድ የለም፣ ዝም ብለው ተቀምጠው ተጫወቱ። በ2006 ግራሚ ወሰደ፣ አሊ ፋርካም በዚያው ዓመት አረፈ። እዚህ ላይ አሊ በጊታሩ ከስር ይይዛል፣ ቱማኒ ደግሞ እንደልቡ ይሄዳል። ሽማግሌው ራሱን ዝቅ አድርጎ ለወጣቱ ቦታ ሲለቅ ይሰማችኋል። እኔ ከዚህ የበለጠ የቅዳሜ ሙዚቃ አላውቅም።

ሊንኮቹ ከታች አሉ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ለሚያንቀላፋ ጓደኛም ላኩለት። በሚቀጥለው ወደ ኬፕ ቨርዴ እንሻገራለን፣ ወደ ዘፋኟ ሴዛሪያ ኤቮራና ሞርና ወደሚባለው የአገሯ ሙዚቃ። እስከዚያው ኢርፎናችሁን ቻርጅ አድርጉ!