ስኮላርሺፕ የሚፈለገው ከማመልከቻው በፊት ነው
በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ለወላጆችና ለአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች የቀረበ ንግግር

ክቡራንና ክቡራት ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፤

የቅዳሜ ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የምናገረው በውድድር ስለሚሰጥ ስኮላርሺፕ ነው፤ ይኸውም የቤተሰብን ገቢ ሳይሆን የተማሪውን ትምህርት፣ ሥራና ጠባይ ተመልክቶ የሚሰጥ ገንዘብ ነው።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ገንዘቡ የት እንዳለ ነው። ብዙዎቻችን ልጃችን ጎበዝ ከሆነ ሃርቫርድ ወይም ዬል በነፃ ያስተምረዋል ብለን እናምናለን። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና አይቪ ሊግ በሚባለው ስብስብ ያሉት ሌሎቹ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች ግን በውጤት ብልጫ የሚሰጡት ስኮላርሺፕ የላቸውም፤ የሚረዱት የቤተሰቡን አቅም አስልተው ነው። ይህ ገቢው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰብ እጅግ ለጋስ ድጋፍ ነው። ባልና ሚስት ሌት ተቀን ሠርተው ገቢያቸው በወረቀት ላይ ከፍ ብሎ የሚታይ፣ ቁጠባ ግን የሌላቸው ቤተሰቦች ከአቅማቸው በላይ የሆነ ክፍያ ሊመጣባቸው ይችላል። እነዚህ ቤተሰቦች እንደ ዱክ፣ ቫንደርቢልትና ኤመሪ ያሉትን፣ ለመግባት አስቸጋሪ ቢሆኑም ለጥቂት ተወዳዳሪዎች ሙሉ የትምህርት ክፍያ የሚሸፍኑ ዩኒቨርሲቲዎችን ከዝርዝራቸው እንዳያስቀሩ አደራ እላለሁ።

አሠራሩ እንደየቦታው ይለያያል። በኮሌጅ ፓርክ የሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ለሚሰጠው ባነከር/ኪይ ስኮላርሺፕ የተለየ ማመልከቻ አይሞላም፤ እስከ ኖቬምበር 1 ያመለከተ ሁሉ ይታያል፣ ቀኑ ያለፈበት ልጅ ግን ውጤቱ የቱንም ያህል ቢያምር ከውድድሩ ውጭ ነው። ቫንደርቢልት በአንጻሩ ከመግቢያ ማመልከቻው ሌላ የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ይጠይቃል። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲው የጄፈርሰን ስኮላርሺፕ ደግሞ በመሠረቱ ተማሪው ራሱ የሚያመለክትበት ሳይሆን ትምህርት ቤቱ የሚያጭበት፣ ማለትም ተማሪውን እጩ አድርጎ የሚያቀርብበት ነው። በዚሁ በሜሪላንድ፣ በባልቲሞር ካውንቲው ዩኒቨርሲቲ፣ በ1988 የተመሠረተው የሜየርሆፍ ፕሮግራም በሳይንስና በምሕንድስና እስከ ዶክትሬት የመዝለቅ ሐሳብ ያላቸውን ይፈልጋል።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ጉዳይ ልምጣ። እኛ ያደግነው ራስን ማመስገን ነውር ነው፣ ሰው ይመስክርልህ እየተባልን ነው፤ ልጆቻችንንም እንዲሁ አሳደግን። ጨዋነቱን እወደዋለሁ። ነገር ግን ፈራጆቹ የሚያውቁት በወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ብቻ ነው። አንዲት ተማሪ የእንቅስቃሴዎቿን ዝርዝር ስታሳየኝ የክበባት ስም ደርድራ ነበር። ስንጨዋወት ግን ለአባቷ የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ የምታነበው፣ ታናሽ ወንድሟን ከትምህርት ቤት የምትቀበለው፣ አያቷንም ሐኪም ቤት ወስዳ የምታስተረጉምላቸው እርሷ መሆኗን ሰማሁ። ለምን እንዳልጻፈችው ስጠይቃት «እሱማ ቤት ውስጥ የምሠራው ነው» አለችኝ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ በሚቀበሉት፣ ኮመን አፕ በሚባለው ማመልከቻ ከሚመረጡት የእንቅስቃሴ ዓይነቶች አንዱ የቤተሰብ ኃላፊነት ነው! ድርሰቷን እንደገና ስትጽፍ ሐኪሙ ስለ ስኳር መድኃኒት አወሳሰድ የተናገረውን በአማርኛ ካስረዳች በኋላ፣ በትክክል ገብቷቸው እንደሆነ ለማወቅ አያቷን መልሳ እንደምታስነግራቸው አሰፈረች። ባዮሎጂ ለምን እንደምትወድ ከዚያ ወዲያ ማብራራት አላስፈለጋትም። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉ መምህራንም ይህን ካልነገራችኋቸው ከየት ያውቁታል?

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ከተመረጠ ቤተሰቡን የሚያስር የቅድሚያ ውሳኔ (Early Decision) ማመልከቻ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት አስቡበት፤ ከፈረማችሁ በኋላ የሌሎቹን ዩኒቨርሲቲዎች ድጋፍ አወዳድሮ መምረጥ አይኖርም። የስኮላርሺፑ ደብዳቤ ሲደርሳችሁም ለአራቱም ዓመት መሆኑን፣ ማደሪያና ምግብ መጨመሩን፣ ውጤት ከስንት ሲወርድ እንደሚቋረጥ በጽሑፍ ጠይቁ።

ተማሪዎች ደግሞ ሰኞ ጠዋት ወደ አማካሪያችሁ ቢሮ ሂዱ፤ ትምህርት ቤታችሁ ለየትኞቹ ስኮላርሺፖች ተማሪ እንደሚያጭና ምርጫውን መቼ እንደሚያጠናቅቅ ጠይቃችሁ ቀኑን ጻፉት።

አመሰግናለሁ።