አዳማ ላይ ቮልስ ስታድሱ፦ ከቀለሙ በፊት ንፋሱ

(ምስል፦ የተከፈተ የኋላ ኮፈን፣ ሞተር እየሠራ)

ይህ የቮልስ ሞተር ነው። ራዲያተር የለውም። ውሃ አይጠጣም። የሚያቀዘቅዘው ንፋስና ዘይት ነው። እንደ አዳማ ባለ ሞቃት ከተማ ቮልስ የምታድሱ ከሆነ፣ ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት የንፋሱን መንገድ እወቁ።

መኪናዋ የመሐንዲሱ የፈርዲናንድ ፖርሽ ሥራ ናት። ልጁ ፌሪ እ.ኤ.አ. በ1948 የመጀመሪያዋን ፖርሽ 356 ሲሠራ ሞተሩን ከቮልስ ነው የወሰደው። ፖርሽ 911 እስከ 1998 ድረስ በአየር ሲቀዘቅዝ ኖሯል። ስለዚህ ዛሬ የምናየው ለእነዚያ ውድ መኪኖችም ይሠራል።

(ምስል፦ ቺንጋውና ዲናሞው በቅርበት)

ቺንጋው (የጎማ ቀበቶው) ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ ያዞራል። ከዲናሞው ሌላኛው ጫፍ ላይ ቬንትሌተሩ (ማራገቢያው) ተገጥሟል። እሱ አየር ስቦ በላሜራው ሽፋን ውስጥ ወደ ታች ይገፋል። አየሩ በሲሊንደሮቹና በቴስታታዎቹ (በሲሊንደሮቹ ክዳኖች) ክንፎች መሃል ያልፍና ሙቀቱን ይዞ ከሥር ይወጣል።

አሁን ይህን ልብ በሉ። እየነዳችሁ ቀይዋ የቻርጅ መብራት ከበራች ወዲያው ቁሙ። ሌላ መኪና ባትሪው እስኪያልቅ ቤት ያደርሳችሁ ይሆናል። ቮልስ ላይ ግን ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ቺንጋ ከሌለ ንፋስ የለም። በፈጣን መንገዱ ከአዲስ አበባ እየመጣችሁ "ግዴለም፣ አዳማ እደርሳለሁ" ካላችሁ ሞተሩን በላችሁት። ትርፍ ቺንጋ ሁሌም መኪናው ውስጥ ይኑር።

(ምስል፦ የሞተሩ ዙሪያ ላሜራና ጎሚኒ)

በጣም የሚያናድደኝ ነገር ይኸውላችሁ። ሞተር ሲወርድ እነዚህ ላሜራዎች ይጣላሉ። አንዳንዱ "ሞተሩ በደንብ ይታይ" ብሎ ሆን ብሎ ያወልቃቸዋል። ጌጥ አይደሉም! ከጎሚኒው (ዙሪያውን ከሚያሽገው ጎማ) ጋር ሆነው ከላይ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ከታች ካለው ትኩስ አየር ይለያሉ። ጎሚኒው ከተቀደደ ቬንትሌተሩ የማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) እና የአስፋልቱን ሙቀት መልሶ ይስባል። የካንዴላ ገመዶቹ የሚገቡበት ቀዳዳ ላይ ያለችው ትንሿ ጎማ እንኳ ሥራ አላት።

በቆዩት ሞተሮች ላይ ደግሞ 3ኛው ሲሊንደር ይብስበታል። በሹፌሩ በኩል፣ ወደ ፊት ያለው ነው። የዘይት ማቀዝቀዣው የንፋሱ መንገድ ላይ ቆሞ ይከልለዋል። በኋላ የወጡት ላይ ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ከመንገድ ዞር አድርጎታል። ሞተር የምትቀይሩ ከሆነ ይህኛውን ፈልጉ። ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ ያለው ፊልትሮም ተራ ወንፊት ነው። ቶሎ ቶሎ ቀይሩት።

ማሳመሩስ? ባለ 1600 ሲሲ ሞተር መግጠም ጥሩ ነው። ሁለት ካርቡራተር ካስገባችሁ አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ መሆኗን አትርሱ። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ቤንዚኑም መቀነስ አለበት፤ ጂግለሩን (ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ) አስተካክሉ። ቅርጿን ግን ባትነኩት ደስ ይለኛል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነው። ይህች መኪና የታሪካችን አካል ናት።

(ምስል፦ የኋላ ወንበር ሲነሳ)

ባትላሜራ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት የኋላውን ወንበር አንሱ። ባትሪው ከሥሩ ነው። አሲዱ ወለሉን የሚበላው እዚያ ጋ ነው። ላሜራው ከሳሳ በስቱኮ አታሸፍኑት። አስቆርጣችሁ አዲስ አስበይዱ፤ ቀለሙ ከዚያ በኋላ ይምጣ።